ሰፈፍ የቀን ፀሐይን እስከ ንጋት ይይዛል ወይ?

ጥያቄውን የጻፍኩት ሰኞ ማታ ነው። እስከ እሁድ 34 መልስ መጣ። አንዳንዱ ምርቃት ነው፣ አንዳንዱ ቁጣ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ በወርቅ የማይገዛ ምክር ነው። ሌላም ጫጩት የሚያሳድግ ሰው እንዲጠቀምበት መልሶቹን እንደ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ።

መነሻው ይህ ነበር። በባሕር ዳር፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ በኩል ጫጩት አሳድጋለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ 60 የአንድ ቀን ጫጩት አስገባሁ። በአራተኛው ሌሊት፣ ከ7 ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። አምፖሉ ሲጠፋ ቤቱ ቀዘቀዘ። ጫጩት ሲበርደው ሙቀት ፍለጋ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ከሥር ያሉት ይታፈናሉ። ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት 23ቱ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተው ነበር። ያ ጥግ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስባለሁ። በጋውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይነደናል። ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማስቀመጥ አይቻልም ወይ? አንዳንድ ነገር ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይውጣል፤ ሲረጋ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ይመልሳል። ሰም አንዱ ነው። የጎጃም ሰው ሰም አያጣም፤ በየጠጅ ቤቱ ሰፈፍ፣ ማለትም ከጠጅ የሚቀር ያልተጣራ ሰም፣ አለ። ስለዚህ ሰም ከውኃ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይይዛል ብዬ ጻፍኩ። 20 ኪሎ ሰፈፍ በጣሳ አድርጌ ቀን በፀሐይ ባቀልጠው፣ ማታ ጫጩት ቤት ባስገባው እስከ ንጋት ያሞቅልኛል አልኩ። የሞከረ ካለ እንዲነግረኝ ለመንኩ።

መልስ 1 የአንዲት እናት ነው። ስለ ሰሙ ምንም አላሉም። እግዜር እንዲተካልኝ መረቁኝ፣ እሳቸውም በአንድ ሌሊት እንዲሁ እንደደረሰባቸው ነገሩኝ።

መልስ 2 ከመሸንቲ የመጣ ነው። ጸሐፊው መብራት ሲጠፋ የሚያነደው ከሰል ነበር። አንድ ሌሊት ከወንድሙ ጋር ጫጩቶቹን ሲጠብቁ እዚያው ተኙ። ሲነቁ ራሳቸውን ይዟቸው፣ እያስመለሳቸው፣ መቆም አቅቷቸው ነበር። በር ስለተከፈተ ተረፉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ይህን መልስ ቀለል አድርጎ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። በዝግ ቤት ከሰል ማንደድ ጫጩቱንም አሳዳጊውንም ይገድላል።

መልስ 3 የአንድ የግብርና ባለሙያ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ በፊት ማንበብ የነበረብኝ ይህን ነው። ስለ ሰም ከማሰቤ በፊት ጫጩት ቤቴ ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮ ቤት ሙቀት ማስቀመጥ በወንፊት ውኃ እንደመቅዳት መሆኑን ገለጸልኝ። ከዚያ የድርቆሽ ሳጥኑን አነሳ። በአገራችን ገጠር ለብዙ ጊዜ ሲመከር የኖረ ዘዴ ነው። ሳጥን ይሠራል፣ ዙሪያውና ክዳኑ በድርቆሽ ይሞላል፣ ጫጩቶቹ ማታ መሐሉ ይገባሉ። የራሳቸው የሰውነት ሙቀት አይወጣም። መብራትም ከሰልም አይፈልግም። በእሱ አስተያየት ሰሙ የሚመጣው ከሳጥኑ በኋላ ነው እንጂ በሳጥኑ ፋንታ አይደለም።

በመልስ 4 ነገሩ ከረረ። የጻፈው ሰው የሙቅ ውኃ ጀሪካን እያለ ሰም ማቅለጥ ሥራ መፍታት እንደሆነ ገለጸ። ውኃ በነፃ ይገኛል፣ አይቃጠልም፣ ቢፈስም ጉዳት የለውም። ሰም ከውኃ የበለጠ ሙቀት ይይዛል ማለቴንም ሐሰት ብሎ ጠራው።

ከዚያ መልስ 5 መጣ። የጻፉት የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጋሼ ልበላቸው፤ በክሩ፣ ማለትም በመልሶቹ ሰንሰለት፣ ውስጥም ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ሳይቆጡ ሂሳቡን ዘረዘሩት። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 4.18 ኪሎጁል (ኪሎጁል የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ይይዛል። ስለዚህ ከ35 ወደ 75 ዲግሪ የሞቀ አንድ ኪሎ ውኃ 167 ኪሎጁል ያህል ይዟል። አንድ ኪሎ የንብ ሰም ሲቀልጥ የሚውጠው ከ170 እስከ 180 ኪሎጁል ገደማ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። የጀሪካኑ ሰውዬ ልክ ነበር። እጅግ የበለጠ ያልኩት ስህተት ነው፤ እዚያው ክሩ ላይ አርሜዋለሁ።

መልስ 6 ያው የጀሪካን ሰው ነው። ጋሼን አመስግኖ፣ ነገሩ እዚህ ላይ እንደተዘጋ ጻፈ።

ግን አልተዘጋም። መልስ 7 እንደገና የጋሼ ነው፤ የዚህ ሁሉ ውይይት እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ሁለተኛውን ግማሽ ያስቀሩት ሆን ብለው ይመስለኛል። ጥያቄው ስንት ሙቀት ተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ በስንት ሰዓት ይሰጣል የሚል ነው። ጀሪካኑ ማታ 75 ዲግሪ ነው። በዚያን ሰዓት ቤቱ ገና አልቀዘቀዘም፤ ጫጩቶቹ ይሞቃቸዋል፣ ይሸሻሉ። ከዚያ ውኃው በየሰዓቱ ይወርዳል። ብርዱ የሚጠናው ወደ ንጋት ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ። በዚያን ሰዓት ጀሪካኑ ለብ ብሏል። ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ይቆማል። መርጋት እስኪጨርስ ከዚያ አይወርድም። ከ65 ወደ 60 ዲግሪ በሚወርድበት ጊዜ አንድ ኪሎ ውኃ የሚሰጠው 21 ኪሎጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሰም በዚያው አምስት ዲግሪ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ይሰጣል። ሰፊ የሙቀት ልዩነት ለሚችል ሥራ ውኃ ይበቃል። አንድ ዓይነት ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ለሚፈልግ ሥራ የሚቀልጥ ነገር ይሻላል።

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ሌሊት ጫጩቶቼ የሞቱት ወደ ንጋት ነበር።

በመልስ 8 አንዲት ተማሪ እሳት ላይ ያለ ሰም ሙቀት እየተጨመረበት ዲግሪው ለምን እንደማይነቃነቅ ጠየቀች። ጋሼ በመልስ 9 በረዶ ያለበት ብርጭቆ ፀሐይ ላይ እንድታስቀምጥ ነገሯት። በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ውኃው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ሙቀቱ እየገባ ነው፣ ግን የሚሄደው የረጋውን ለመፍታት ነው፤ ዲግሪ ለመጨመር የሚተርፍ የለም። ይህን በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተዋለው የስኮትላንዱ ጆሴፍ ብላክ ነው። ስውር ሙቀት የተባለውም ለዚህ ነው፤ ቴርሞሜትር አያየውም።

መልስ 10 የፌስቡክ ኢንጂነር አደረገኝ። ጸሐፊው በ21ኛው ክፍለ ዘመን ሰም ከማቅለጥ አንድ ሶላርና አንድ ባትሪ መግዛት እንደሚሻል በሦስት አረፍተ ነገር ጨርሶ ሄደ። መልስ 11 ባሰበት። ባትሪውን እሱ ይገዛልኝ እንደሆነ ጠየቀው፣ ስለ አስተዳደጉም አንድ ነገር ጨመረ። ያ መጨመር አልነበረበትም። መልስ 12 የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱንም ትቶ ቁጥር አመጣ። 40 ዋት የሚበላ አምፖል 12 ሰዓት ቢበራ 480 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ባትሪ ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት አለው፤ እድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል። ስለዚህ ይበቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ባትሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፣ እንደገና ይገዛል። ሰም ቀልጦ ሲረጋ አይደክምም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ባትሪ ቢገዛ ተሳሳተ አይባልም። እኔ ግን የለኝም። ሰፈሬ ውስጥ ጫጩት ከሚያሳድጉት ሴቶች አብዛኞቹም የላቸውም።

መልስ 13 ከዘጌ ነው። ጸሐፊው ንብ አናቢ ነው፤ እጁ ሰም የለመደ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ሰፈፍና ሰም አንድ እንዳልሆኑ አስረዳን። ሰፈፍ ውስጥ የማር ርዝራዥ፣ የሞተ ንብ፣ የጌሾ ጭማቂ ሳይቀር አለ። በሙቅ ውኃ ቀልጦ በጨርቅ መጠለል አለበት፤ ሲረጋ ንጹሑ ሰም ከላይ ይቀራል፣ ቆሻሻው ከሥር ይፋቃል። ጥሬ እሳት ላይ ሰም ማስቀመጥን በጥብቅ ከለከለ፤ ይቀጣጠላል። ድስቱ ውኃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ ይቀመጣል። ከ85 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሰሙ ይጠቁራል። ብረት፣ መዳብና ዚንክ የነካውም ቀለሙ ይበላሻል። አሉሚኒየም ይሻላል። እኔ ያሰብኩት የዛገ የዘይት ጣሳ ነበር። ለጫጩቶቹ ቀለሙ ግድ የለም፤ ኋላ ሰሙን ለመሸጥ ለሚፈልግ ሰው ግን ዋጋ ይቆርጥበታል።

መልስ 14 ሌላ ቁጣ ነው፣ ግን ይህኛው ልብ የሚነካ ቁጣ ነው። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይመስላል። ጧፍ የሚሠራው ከንብ ሰም ነው። በሐይቁ ደሴቶች ባሉት ገዳማት ስንት ዘመን የበራውን ሰም ለዶሮ ማሞቂያ ማድረግ እንዴት ወደ አፌ እንደመጣ ጠየቀኝ። በመልስ 15 እኔ ራሴ መለስኩ። አክብሮቴን ገልጬ፣ ሰሙ እንደማይነድ አስረዳሁ። ጧፍ ነዶ ያልቃል። የእኔ ሰም ይቀልጣል፣ ይረጋል፣ በዓመቱ መጨረሻም ሚዛኑ ያው ነው። ያኔ ጧፍ ሊሆን ይችላል። መልስ 16 የአንዲት ጠጅ ጣይ ሴት ነው። ሰፈፉን ነጋዴ እየዞረ እንደሚገዛቸው፣ ስለዚህ የሚጣል ነገር አድርጌ ማሰቤ ልክ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ሰም በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት፤ ሰሙ ገበያ አለው። ይህም ሁለተኛው እርማት ሆነ።

መልስ 17 ስለ ሰምና ወርቅ ቅኔ ረጅም ነገር ጻፈ። ደስ ይላል፣ ከጉዳያችን ግን ራቀ። መልስ 18 ደግሞ አንጥረኛ ነው። ብዙዎች እሱም ከጉዳዩ የወጣ መሰላቸው፤ መልስ 19 ወደ ጫጩቱ እንመለስ ብሎ ተቆጣ። እኔ በመልስ 20 አንጥረኛው እንዲቀጥል ለመንኩ። ምክንያቱም መስቀል የሚቀርጸው መጀመሪያ በሰም ነው፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፣ በእሳት አቅልጦ ያስወጣል፣ ባዶው ላይ ብር ያፈስሳል። ሰም ሲቀልጥ እንደሚያብጥ፣ ሲረጋ መሐሉ እንደሚሰረጉድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጣሳ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚከደን ከሆነ ሲቀልጥ እንደሚፈነዳ አስጠነቀቀኝ። አሥር ከመቶ ያህል ያብጣል። ስለዚህ ከላይ ክፍት ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ከመልስ 21 ጀምሮ ክሩ ወደ ብርድ ዞረ። አንዲት ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ የሚሠሩት ይኸው መሆኑን ጻፈች። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ወደ ገጠር ሲወጡ የክትባቱ መያዣ ውስጥ አይስ ፓክ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ የሆነ ዕቃ፣ ይደረጋል። ከማቀዝቀዣው እንደወጣ ወዲያው ቢገባ ግን እንደ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ክትባቶች በረዶ ሆነው ይበላሻሉ። ስለዚህ ውጪ ይቆያል። ሲነቀንቁት ውስጡ የውኃ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ይገባል። ያ ድምፅ በረዶው መቅለጥ መጀመሩን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ቀልጦ እስኪያልቅ ከዜሮ አይነቃነቅም። ይህን ሳነብ ተደሰትኩ። አንዱ ሰም፣ አንዱ በረዶ፣ ሥራው ግን አንድ ነው፤ የሚቀልጥበት ዲግሪ ለሥራው የተስማማውን መምረጥ ነው።

መልስ 22 ዓሣ ነጋዴ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከጣና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሰም ለእሱም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ በመልስ 23 ለእሱ የሚሆነው በረዶው ራሱ እንደሆነ መለሱለት። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይውጣል፤ ከሰም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ በረዶ በወረቀት ላይ ከሦስት ኪሎ በላይ ዓሣ ማቀዝቀዝ ይችላል። በመንገድ ላይ ግን ፀሐዩና የሳጥኑ ግድግዳ ግማሹን ይበሉታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ዓሣና በረዶ እኩል በእኩል ይጭናል።

መልስ 24 የአንዲት እናት ነው፣ ስለ ቅቤ። ልጅ ሳሉ አናታቸው ላይ ቅቤ አድርገው ገበያ ሲሄዱ ፀሐዩ እንደማይሰማቸው፣ ቅቤው ቀስ ብሎ እየቀለጠ አንገታቸው ላይ እንደሚወርድ አወጉን። እሳቸው እንዳሉት ይህም ያው ነገር መሆን አለበት። ያቺ የመልስ 8 ተማሪ በመልስ 25 መለሰችላቸው። ቅቤ የብዙ ዓይነት ስብ ድብልቅ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሌላው ቆይቶ። ስለዚህ በአንድ ዲግሪ ላይ አይቆምም፣ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል እንጂ። አባባሏ ጨዋነት ነበረበት። ነገሩን ከእናታችን ትዝታ ጋር አላጣላችውም።

መልስ 26 አንድ ታሪክ አመጣ። በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዶቨር በምትባል ስፍራ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ የሃንጋሪ ተወላጇ ሳይንቲስት የማሪያ ቴልክስ ነው። ሙቀቱን የሚያስቀምጠው ግላውበር የተባለ ጨው ነበር፤ በ32 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ በኪሎ 250 ኪሎጁል ያህል ይውጣል። መጀመሪያ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጨውና ውኃው ተለያየ፣ ከሥር የዘቀጠው ተመልሶ አልቀላቀል አለ፣ መያዣዎቹም ዛጉ። ቤቱ ወደ ተራ ምድጃ ተመለሰ። በመልስ 27 አንዱ ያንን ጨው ባሕር ዳር የት እንደሚያገኝ ጠየቀ። ጋሼ በመልስ 28 ገታ አደረጉት። ጨዎቹ ከሰም የበለጠ ሙቀት ይይዛሉ፤ ጠባያቸው ግን ከባድ ነው። ይለያያሉ፣ ብረት ይበላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ መርጊያቸው ሲደርስ አይረጉም፤ ፈሳሽ ሆነው ይቀዘቅዛሉ፣ ሙቀቱንም አይለቁም። ለምሳሌ ሶዲየም አሴቴት በ58 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሳይረጋ ግን እስከ ክፍል ሙቀት ሊወርድ ይችላል። ከውስጡ ያለችዋ ብረት ቀጭ ስትደረግ በድንገት የሚሞቀው የእጅ ማሞቂያ በዚህ ጠባዩ የተሠራ ነው። ለአንድ አርቢ ግን ሌሊት ተነስቶ ጨው መቀስቀስ አይሆንም። ሰም ታዛዥ ነው።

እዚያው ላይ ጋሼ የእኔን ሳጥን አሰሉልኝ። የድርቆሽ ሳጥኑ በደንብ ከተሠራና ውስጡ ከውጪው በ20 ዲግሪ ከሞቀ፣ 40 ዋት ያህል ያመልጠዋል ብለን እንገምት። በ12 ሰዓት 1,730 ኪሎጁል ገደማ ይሆናል። ያ የአሥር ኪሎ ሰም ሥራ ነው። እኔ 20 ኪሎ ነበር ያሰብኩት። ለቆርቆሮ ቤቴ ደግሞ 20ውም አይበቃም ነበር። የመልስ 3 ባለሙያ ልክ መሆኑ በቁጥር ታየ። ፀሐዩስ? በበጋ እዚህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወርዳል። አሥር ኪሎ ሰም ከቀዝቃዛው ተነስቶ ቀልጦ እስኪያልቅ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። መስታወት የተከደነ፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ሳጥን ይበቃዋል።

መልስ 29 የበያጅ ነው። አጭር ነው፣ ግን ያለ እሱ ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር። ሰም ሙቀት የሚያሳልፈው በጣም ቀስ ብሎ ነው። በትልቅ ባልዲ ከሆነ ዳሩ ይረጋል፣ መሐሉ ፈሳሽ እንደሆነ ይነጋል። የረጋው ዳር ራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጣሳ ይሁን፣ ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ተሰንጥቆ ውስጡ ቢቆም ደግሞ አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ከመሐል ወደ ዳር ያወጣዋል።

መልስ 30 ላይ ያቺ ተማሪ ሞክራ መጣች። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ሁለት ኪሎ ሰምና ሁለት ኪሎ ውኃ በእኩል ጣሳ፣ ሁለቱንም ከ75 ዲግሪ አስነስታ፣ በጭድ ሸፍና፣ በየሰዓቱ ለካች። እኩለ ሌሊት ላይ ሰሙ ገና 62 ነበር። ውኃው 44 ደርሷል። ግን የማይጥመንንም አልደበቀችም። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ከረጋ በኋላ የወረደው ከውኃው በፈጠነ ሁኔታ ነው። የረጋ ሰም በአንድ ዲግሪ የሚይዘው ከውኃ ግማሽ ያህል ነውና። ስለዚህ መጠኑ መለካት ያለበት መርጋቱ ንጋት ላይ እንዲያልቅ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ካለቀ ጫጩቶቹ እንደገና ይበርዳቸዋል፤ ያውም በድንገት።

መልስ 31 የግብርና ባለሙያው ተመለሰ። 63 ዲግሪ ጫጩት ያቃጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈልጉት ከ32 እስከ 35 ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ ጣሳዎቹ በሳጥኑ አንድ ጎን፣ ከሽቦ ጀርባ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ። ጨርቁ ሲወፍር ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሲሳሳ ቶሎ ይወጣል። ጫጩቶቹ ራሳቸው ርቀታቸውን ይመርጣሉ። ከጣሳው ሸሽተው ወዲያኛው ግድግዳ ከተለጠፉ በዝቷል ማለት ነው። ጣሳው ሥር ከተጨናነቁ አንሷል።

መልስ 32 የጀሪካኑ ሰው ነው። አልተሸነፈም። በሐምሌ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ባይወጣ ሰሙ በምን እንደሚቀልጥ ጠየቀ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ ስለተጠየቀ ብቻ መታለፍ የለበትም። በመልስ 33 መለስኩለት። በክረምት እራት ከተሠራ በኋላ ጉልቻው ላይ የሚቀረው ፍም አለ። አንድ ድስት ውኃ ይጣድበታል፣ ጣሳዎቹ ውኃው ውስጥ ይቆማሉ። ባሕር ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሳይፈላ ቢወርድ ሰሙም አይጠቁርም። እሱ ግን ያንን ውኃ ራሱን ጀሪካን ውስጥ ብጨምረው እንደሚቀለኝ አሁንም ያምናል። በክረምት ሌሊቱ እንደ ታኅሣሥ ስለማይበርድ ምናልባት ለእነዚያ ወራት እውነቱን ነው። ለታኅሣሥ ግን አልስማማም።

መልስ 34 ዛሬ ጠዋት መጣ። የዘጌው ንብ አናቢ ነው። የተጣራ አሥር ኪሎ ሰም እንደሚያውሰኝ፣ ከጥምቀት በኋላ በሚዛን እንድመልስለት ጻፈልኝ። ከጎደለ የጎደለውን እከፍላለሁ።

ሳጥኑ አልቋል። ድርቆሹን ሞልቼዋለሁ። 14 ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጣሳ ከሰፈሩ ሴቶች አሰባስቤ አንድ ጎናቸውን ጥቁር ቀብቻለሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ወደ ዘጌ እሻገራለሁ። ቴርሞሜትሩን ያቺ ተማሪ ታውሰኛለች። በየሰዓቱ የለካሁትን እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።